«ታዲያ ኢየሱስ ለማን ጸለየ?»፦ ስለ ሥላሴ የተነሡ ስህተቶች፣ ጥንትም ዛሬም

ይህ ትምህርት በመጀመሪያ የተላለፈው በሬዲዮ ነው። «በጽሑፍ ብናገኘው ደጋግመን እናነበው ነበር» ያላችሁን ብዙ ስለሆናችሁ፣ እዚህም እዚያም አስተካክለን እነሆ በትራክት መልክ አቅርበነዋል። የቃል ንግግር ጠባይ ቢቀርበት አትፍረዱብን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንዲት እህት ደብዳቤ

ይህን ትምህርት እንዳዘጋጅ ያስገደደኝ አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችው እህት ስሟ እንዲነሣ አልፈለገችም። እሷና ታላቅ ወንድሟ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በአንድ ቀን የተጠመቁ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሟ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደና እንደገና ተጠመቀ። አሁን «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ የኢየሱስ መጠሪያዎች ናቸው እንጂ ሦስት አካላት አይደሉም» ይላል። የእሷንም ጥምቀት «ጥምቀት አይደለም» አላት። ባለፈው ፋሲካ እናታቸው ቤት ተሰበሰቡ። እናትየው እንደ ልማዳቸው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ማዕዱን ሲባርኩ ልጃቸው አሜን ሳይል ቀረ። «እማዬ ምንም አልተናገረችም፤ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ እሱም ጎረሰ። ግን ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር» ትላለች ደብዳቤዋ።

እስከዚህ ድረስ ያነበብኩት በሐዘን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እኔን ራሴን ያዘኝ። እንዲህ ትላለች፦ «ፓስተር፣ እርስዎ ከዓመታት በፊት በሬዲዮ ያስተማሩትን ምሳሌ ነገርኩት። አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለሚስቱ ባል፣ በመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይሆናል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ሥላሴም እንደዚያ ነው ብለው ነበር። ወንድሜ ሳቀና ‹እኔም የማምነው ይህንኑ ነው እኮ! ፓስተርሽ ከእኔ ጋር ናቸው› አለኝ። መልስ አጣሁ። ታዲያ ፓስተር፣ ሰውየው አንድ ከሆነ፣ ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ለማን ጸለየ?»

ወገኖቼ፣ አፈርኩ። ወንድሟ ልክ ነበር። ያ ምሳሌ ሥላሴን አያስረዳም። ቤተ ክርስቲያን ከ1,800 ዓመታት በፊት መርምራ ያልተቀበለችውን ትምህርት ነው የሚያስረዳው። እኔ ሳላውቅ በገዛ አፌ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በማንም ላይ ጣት ከመቀሰሩ በፊት የእኔ ይቅርታ መጠየቂያ ነው። እንግዲህ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

ሦስቱ ጉልቻዎች

በመጀመሪያ የምናምነውን በአጭሩ እናስቀምጥ። መጽሐፍ ቅዱስ ሦስት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ እግዚአብሔር አንድ ነው (ዘዳ. 6፥4)። ሁለተኛ፣ አብ አምላክ ነው፤ ወልድ አምላክ ነው (ዮሐ. 1፥1፤ 20፥28)፤ መንፈስ ቅዱስም አምላክ ነው (ሐዋ. 5፥3-4)። ሦስተኛ፣ አብ ወልድ አይደለም፤ ወልድም መንፈስ ቅዱስ አይደለም። አንዱ ሌላውን ይልካል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ይነጋገራል፤ አንዱ ሌላውን ይወዳል (ማቴ. 3፥16-17፤ ዮሐ. 14፥16)።

«ሥላሴ የሚለው ቃል እኮ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» ይሉናል። እውነት ነው፣ ቃሉ የለም። ነገሩ ግን አለ። ቃሉ የእነዚህ የሦስቱ እውነቶች ማሰሪያ ነው።

እናቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። አንዱን ጉልቻ ብታነሣው ድስቱ ይገለበጣል። ልብ በሉ፣ ጉልቻው ሥላሴን ይመስላል ማለቴ አይደለም፤ በምሳሌ አንዴ ተሳስቻለሁ፣ አሁን አልደግመውም! ጉልቻ ያልኩት እነዚህን ሦስት እውነቶች ነው። በታሪክ የተነሡት የስህተት ትምህርቶች ሁሉ፣ ብታዩዋቸው፣ ከሦስቱ አንዱን ጉልቻ ያነሡ ናቸው። ሦስተኛውን ያነሣ ሰባልዮስን ይሆናል። ሁለተኛውን ያነሣ አርዮስን ይሆናል። አንደኛውን ያነሣ ሦስት አማልክትን ያመልካል።

አንድ ተዋናይ፣ ሦስት ጭምብል

ክርስቲያኖች በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ዘመን የኖሩት በየመንገዱ ጣዖት በቆመበት ዓለም ነው። ስለዚህ አንዳንድ አስተማሪዎች «የእግዚአብሔር አንድነት እንዳይነካ» ብለው ተነሡ። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። በሰምርኔስ ኖኤጦስ፣ በሮም ደግሞ ፕራክስያስና ሰባልዮስ የተባሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ትምህርት አመጡ፦ አብም፣ ወልድም፣ መንፈስ ቅዱስም አንድ አካል ነው፤ በተለያየ ጊዜ በተለያየ መልክ ይገለጣል። ልክ አንድ ተዋናይ ጭምብል እየቀያየረ መድረክ ላይ እንደሚወጣ ማለት ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው አፍሪካዊ ነው። ተርቱልያኖስ ይባላል፤ አገሩ ቅርጣግና፣ የዛሬዋ ቱኒዚያ ናት። በ213 ገደማ በፕራክስያስ ላይ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። «ትሪኒታስ» የሚለውን የላቲን ቃል ለዚህ እምነት መግለጫ አድርጎ በጽሑፍ የተወልን እሱ ነው። ክርክሩ ቀላልና ከባድ ነበር፦ አብና ወልድ አንድ አካል ከሆኑ፣ በመስቀል ላይ የሞተው አብ ነው ማለታችሁ ነው! ሰባልዮስንም የሮም ጳጳስ የነበረው ካሊስጦስ በ220 ገደማ ከኅብረት ለየው።

አሁን «እኛ እንዲህ አንልም» እንዳትሉ። እስቲ የጸሎት ፕሮግራማችንን አስታውሱ። አንድ ወንድም ይነሣና «የሰማይ አባት ሆይ፣ ስለ እኛ በመስቀል ላይ ስለሞትክልን እናመሰግንሃለን» ብሎ ይጸልያል። ሁላችንም «አሜን!» እንላለን። ጌታ ልብን ያያል፤ ወንድሙን መናፍቅ ነው አንለውም። ነገር ግን ተርቱልያኖስ እዚያ ቢቀመጥ ኖሮ ብድግ ይል ነበር። አብ አልሞተም፤ አብ ልጁን ሰጠ። ወልድ ራሱን ሰጠ። ይህ ልዩነት ከጠፋ ወንጌሉ ራሱ ይደበዝዛል።

ውሃ፣ በረዶና እንፋሎት የሚለው የሰንበት ትምህርት ቤት ምሳሌም የዚያው ዘመድ ነው። አንዱ ውሃ በአንድ ጊዜ ሦስቱንም ሆኖ አይታይም፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ከዚያ ውሃ ይሆናል፣ ከዚያ ይተናል። በዮርዳኖስ ግን ምን ሆነ? ወልድ ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ መንፈስ ቅዱስ እንደ ርግብ ይወርዳል፤ አብ ከሰማይ ይናገራል። ሦስቱም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ።

የእህታችንም ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በጌቴሴማኒ ወልድ በፊቱ ተደፍቶ አባቱን ለመነ፤ የእኔ ፈቃድ ሳይሆን የአንተ ይሁን አለ (ማቴ. 26፥39)። አንድ አካል ብቻ ከሆነ ያ ላብ፣ ያ ጩኸት፣ ያ ልመና ድራማ ነበር ማለት ነው። ጌታችን ድራማ አይሠራም። ደግሞም በዮሐንስ 17፥24 ኢየሱስ ዓለም ሳይፈጠር አብ ይወደው እንደነበር ተናግሯል። እግዚአብሔር ፍቅር ነው ስንል (1ኛ ዮሐ. 4፥8) ፍጥረት እስኪመጣ ድረስ የሚወደው አጥቶ የቆየ አምላክ ማለታችን አይደለም። ከዘላለም አባት አለ፤ ከዘላለም የሚወደድ ልጅ አለ።

የእስክንድርያው ቄስና ዝማሬው

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉ ይበልጥ ቤተ ክርስቲያንን ያናወጣት ነው። በ318 ገደማ በግብፅ፣ በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበር። እንደሚነገረው ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ንግግሩ የሚጥም፣ ኑሮው የተቆጠበ ሰው ነበር። ጳጳሱ እለእስክንድሮስ ወልድ ከአብ ጋር ዘላለማዊ እንደሆነ ሲያስተምር አርዮስ ተቃወመ። ክርክሩ ለጆሮ ቀላል ነው፦ አባት ከልጁ ይቀድማል፤ ወልድ ልጅ ከሆነ ያልነበረበት ጊዜ አለ፤ ያልነበረበት ጊዜ ካለ ደግሞ ተፈጥሯል። ከፍጡራን ሁሉ የላቀ፣ የመጀመሪያው፣ የከበረው ፍጡር፤ ግን ያው ፍጡር።

አርዮስ ጥቅስም ነበረው። ምሳሌ 8፥22ን፣ ቆላስይስ 1፥15ን፣ ዮሐንስ 14፥28ን ይጠቅሳል። መናፍቅ ማለት ጥቅስ የሌለው ሰው የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙ ጊዜ ጥቅሱ ከእኛ ይበልጣል!

ሌላም ነገር ነበረው፤ ዝማሬ። ትምህርቱን በግጥም አድርጎ «ታሊያ» በሚባል ድርሰት አወጣው። ለመርከበኞችና ለመንገደኞች የሚሆኑ መዝሙሮችም እንደጻፈ ይነገራል። ሕዝቡ በወደቡና በገበያው እየዘመረ ትምህርቱን ዋጠው። መዝሙር የምትጽፉና የምትዘምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሕዝባችን ስብከቱን እስከ ማክሰኞ ይረሳዋል፤ መዝሙሩን ግን ዓመት ሙሉ ይዞት ይኖራል። ግጥማችሁ ስለ አብ፣ ስለ ወልድ፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚለውን መርምሩ።

ኒቅያ፣ 325

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ325 ጳጳሳቱን በኒቅያ ሰበሰበ። ቦታው በዛሬዋ ቱርክ ኢዝኒክ የምትባለው ከተማ ናት። በአገራችን ትውፊት «ሠለስቱ ምዕት» እየተባሉ የሚታሰቡት 318 አባቶች እነዚህ ናቸው። ከተሰበሰቡት መካከል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በነበረው ስደት ስለ እምነታቸው ዐይናቸው የጠፋ፣ እግራቸው የተሰነከለ ነበሩ።

ጉባኤው የተጨነቀው በአንድ ነገር ነው። ማንኛውንም የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ቢያቀርቡ የአርዮስ ወገኖች «እኛም እንቀበለዋለን» ይሉና ትርጉሙን ያዞሩታል። በመጨረሻ ሊያዞሩት የማይችሉት አንድ የግሪክ ቃል ተመረጠ፤ «ሆሞኡሲዮስ»፣ ማለትም ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ። ተፈጠረ ሳይሆን ተወለደ አሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አናጢ ወንበር ይሠራል፤ ልጅ ግን ይወልዳል። የሠራው ወንበር እንደ እሱ ሰው አይደለም፤ የወለደው ግን እንደ እሱ ሰው ነው። የሰው መወለድ በጊዜ ነው፤ የወልድ መወለድ ግን በፊት፣ በኋላ የለውም። መጨረሻ ላይ አርዮስና ሁለት የሊቢያ ጳጳሳት፣ ቴዎናስና ሴኩንዶስ፣ አንፈርምም ብለው ተጋዙ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ነው የከፋው። ነገሥታቱ ተለዋወጡ፤ ቤተ መንግሥቱ ወደ አርዮስ ወገን ዘነበለ። አንዳንዶች «ለሰላም ሲባል በባሕርይ አንድ ከማለት ተመሳሳይ ብንልስ?» አሉ። በግሪክ የሁለቱ ቃላት ልዩነት አንድ ትንሽ ፊደል ናት፤ ዮታ። በአማርኛም አስቡት፦ ተመሳሳይ ማለት ያው ማለት አይደለም። አምላክን የሚመስል ሁሉ አምላክ አይደለም።

በዚያ ዘመን የቆመው አትናቴዎስ ነው። በኒቅያ ዲያቆን ሆኖ ጳጳሱን ተከትሎ የሄደ ወጣት ነበር፤ በ328 የእስክንድርያ ጳጳስ ሆነ። በ45 ዓመት አገልግሎቱ አምስት ጊዜ ተጋዘ፤ ከመንበሩ ርቆ የኖረው ዘመን ሲደመር 17 ዓመት ያህል ነው። በ356፣ በየካቲት ወር፣ ሌሊት ሕዝቡ ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡ። አትናቴዎስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዲያቆኑን መዝሙር 136ን እንዲያነብ አዘዘው፤ ሕዝቡም ስለ እግዚአብሔር የዘላለም ምሕረት እየተቀበለ መለሰ። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ ሲገቡ «ሕዝቡ ይውጣ፤ እኔ ከዚያ በኋላ» አለ። መነኮሳቱ ጎትተው አወጡት፤ ዓመታትም በበረሃ ተሸሸገ።

ሰውየው ይህን ሁሉ የተቀበለው ስለ አንድ ቃል ነው? አይደለም። ጥያቄው የድነት ጥያቄ ነበር። ወልድ ፍጡር ከሆነ እግዚአብሔር ራሱ ወደ እኛ አልመጣም፤ መልእክተኛ ልኮ ነው የቀረው። ፍጡር ደግሞ ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋር ሊያስታርቅ አይችልም፤ እሱም እንደ እኛ ተቀባይ ነውና። ፍጡርን ማምለክም ጣዖት ማምለክ ነው። አትናቴዎስ ይህን ስላየ ነው በሕይወቱ የተወራረደው።

ወደ አክሱም የመጣው ደብዳቤ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ይህ ክርክር የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ወደ አገራችን ደጃፍ መጥቷል።

አባ ሰላማ እየተባለ የሚታወቀው ፍሬምናጦስ የመጀመሪያው የአክሱም ጳጳስ ነው። ጵጵስናውን የሾመው ማን ነበር? ይኸው አትናቴዎስ። አትናቴዎስ ሲሰደድ፣ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጥዮስ ለአክሱም ገዢዎች፣ ለኤዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፤ በአትናቴዎስ ቦታ የተቀመጠው ጊዮርጊስ እምነቱን ይመርምረው የሚል ትእዛዝ አዘል ደብዳቤ ነበር። ይህ የሆነው በ356 ገደማ ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የተረፈው አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስላስቀመጠው ነው።

በዘመኑ ከነበሩት ኃያላን አንዱ ነው የጻፈው። አክሱም ግን በአርዮስ ትምህርት አልሄደችም። ኤዛና በግሪክ ካስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሑፎች በአንዱ የድሉን ታሪክ የሚጀምረው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ላይ ያለውን እምነት በመግለጽ ነው። እናቶቻችን እንጀራ ሲቆርሱ የሚጠሩት ስም፣ ያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ስም ነው። ያቺ እናት በፋሲካ ማዕድ ላይ የጠሩት ስም ትናንት ከውጭ የመጣ አይደለም።

መንፈስ ቅዱስ ጉልበት ነው ወይስ ጌታ?

ስለ ወልድ ክርክሩ ሲበርድ ሌላ ተነሣ። «ወልድ አምላክ ይሁን፤ መንፈስ ቅዱስ ግን አገልጋይ ኃይል ነው» የሚሉ መጡ። ታላቁ ባስልዮስ በ375 ገደማ ስለ መንፈስ ቅዱስ መጽሐፍ ጽፎ መለሰላቸው። በ381 በቁስጥንጥንያ 150 ጳጳሳት ተሰብስበው መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር አብሮ የሚመለክ ጌታ መሆኑን አጸኑ።

የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ስለዚያች ከተማ ሲጽፍ የሚያስቅ ነገር ይነግረናል። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ገንዘብ መንዛሪውም፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሠራተኛም ሥራውን ትቶ ስለ አብና ወልድ ይከራከር ነበር፤ ዋጋ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሥነ መለኮት ነው። የእኛን ታክሲና ቡና ቤት አይመስልም? ክርክር ሞልቶ፣ ማምለክ ጎድሎ።

እኛስ ስለ መንፈስ ቅዱስ እንዴት እንናገራለን? «ኃይሉ ወረደ»፣ «እሳቱ ነካኝ» እንላለን። ኃይልም እሳትም መጽሐፍ ቅዱሳዊ ቃል ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ እንደሚሰኩት አይነት ነገር አድርገን ከቆጠርነው በሌላ በር ወደዚያው ስህተት ገባን። መንፈስ ቅዱስ ይናገራል (ሐዋ. 13፥2)፤ ያዝናል (ኤፌ. 4፥30)። ኤሌክትሪክ አያዝንም። እሱ የምንጠቀምበት ሳይሆን የምንታዘዘው ነው።

ሦስት አማልክት?

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት አድማጫችን ደውላ «እመቤቴ ‹እናንተ ሦስት አምላክ ታመልካላችሁ› አለችኝ፤ ምን ልበላት?» ብላኛለች። አይ እህቴ፣ አናመልክም! በስድስተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎጶኖስ የተባለ ፈላስፋ ባሕርዩንም እንደ አካላቱ ሦስት ወደማለት ሄዶ ተወግዟል። ቤተ ክርስቲያን ሦስት አማልክት የሚለውንም አልተቀበለችም።

አስቸጋሪው «አካል» የሚለው ቃል ነው። በየቀኑ አማርኛችን አካል ማለት እጅና እግር ያለው ሰውነት ነው። በአንዳንድ ሥዕሎችም ላይ ሦስት ተመሳሳይ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እናያለን። ሠዓሊው እኩልነታቸውን ለማሳየት ፈልጎ ነው፤ የሕፃን ዐይን ግን ሦስት ሰዎችን ነው የሚያየው። ስለ ሥላሴ «አካል» ስንል «እኔ» የሚል፣ «አንተ» የሚባል፣ የሚወድና የሚወደድ ማለታችን ነው። ሦስት ሰዎች ሦስት ፈቃድ፣ ሦስት ኑሮ አላቸው። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ግን አንድ ባሕርይ፣ አንድ ፈቃድ፣ አንድ መንግሥት ነው ያላቸው።

ዛሬ በደጃችን

አርዮስ በ336 ሞተ፤ ትምህርቱ ግን ደጋግሞ ተነሥቷል። በአሜሪካ ቻርልስ ቴዝ ራስል በ1879 «የመጠበቂያ ግንብ»ን መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ ተከታዮቹ ከ1931 ወዲህ የይሖዋ ምሥክሮች ተብለው ይጠራሉ። ወልድ የመጀመሪያው ፍጡር ነው፣ የመላእክት አለቃ ሚካኤልም እሱ ነው፤ መንፈስ ቅዱስም የእግዚአብሔር ኃይል ነው ብለው ያስተምራሉ። በ1950 ባወጡት የአዲስ ኪዳን ትርጉም ዮሐንስ 1፥1ን ቃል እንደ አንድ አነስተኛ አምላክ አድርገው ተረጎሙት። በርህን ሲያንኳኩ፣ ወንድሜ፣ በሩን አትወርውርባቸው። ቶማስ ኢየሱስን ጌታዬ፣ አምላኬ ብሎ ሲጠራው (ዮሐ. 20፥28) ጌታ ለምን እንዳልገሠጸው ጠይቃቸው።

የሰባልዮስም ትምህርት ተመልሷል። የመጣው ግን ከእኛው ቤት፣ ከጴንጤቆስጤው መነቃቃት መሐል ነው። በ1913 ሎስ አንጀለስ አጠገብ በተደረገ ትልቅ ጉባኤ ላይ አንድ ሰባኪ ሐዋርያት በኢየሱስ ስም እንዳጠመቁ ተናገረ። በ1914 ፍራንክ ዩዋርት የተባለ አገልጋይ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሰዎችን እንደገና ማጥመቅ ጀመረ። በ1916 የአሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ጉባኤ በሥላሴ እምነት ሲጸና ከ150 በላይ አገልጋዮች ወጡ። ትምህርቱ በ1960ዎቹ ወደ አገራችን ገባ፤ በተለምዶ «ኦንሊ ጂሰስ» እየተባለ ይጠራል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። እነዚህ ወገኖች ኢየሱስ ፍጡር ነው አይሉም፤ እውነተኛ አምላክ ነው ይላሉ። በዚህ ከአርዮስ በእጅጉ ይለያሉ። ስህተቱ ወልድን ከአብ አካል ጋር መቀላቀሉ ነው። ዮሐንስ 10፥30ን ይጠቅሳሉ። በአማርኛችን ብቻ እንኳ አንብቡት፦ ኢየሱስ ስለ ራሱና ስለ አብ ሲናገር «ነኝ» ሳይሆን «ነን» ነው ያለው። አንድነቱም አለ፤ ሁለት መሆናቸውም አለ። ስለ ጥምቀትም፣ በሐዋርያት ሥራ በኢየሱስ ስም መጠመቅ ከዮሐንስ ጥምቀት ለይቶ (ሐዋ. 19፥3-5) በኢየሱስ ሥልጣንና በእሱ አምኖ መጠመቅን ያሳያል። የማቴዎስ 28፥19ን ትእዛዝ የሰጠው ደግሞ ኢየሱስ ራሱ ነው። በስሙ የሚጠመቅ ሰው ቃሉን እንዴት ይተዋል?

የጄኔቫው እሳት

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብዘጋው አላመንኩም። በ1531 ሚካኤል ሰርቬቶስ የተባለ ስፔናዊ የሥላሴን ትምህርት የሚቃወም መጽሐፍ አወጣ። ኋላ ሐኪም ሆነ፤ ደም ከልብ ወደ ሳንባ እንዴት እንደሚዞር የጻፈም አዋቂ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1553 በጄኔቫ ከተማ ከነሕይወቱ በእሳት ተቃጠለ። ያቃጠሉት የእኛው አባቶች ናቸው፤ የተሐድሶ ሰዎች። ታላቁ መምህር ካልቪን በክሱ ውስጥ እጁ ነበረበት። በ1903 የካልቪን ልጆች ነን የሚሉ አማኞች እዚያው ቦታ የጸጸት ሐውልት አቆሙ።

እኔ በልጅነቴ «መናፍቅ» የሚለውን ቃል በጆሮዬ የሰማሁ ሰው ነኝ። አባቴ ጌታን ተቀብሎ ሲሞት የሰፈራችን ዕድር አልቀብርም አለ፤ ድንኳንም ከለከለን። የእናቴን ፊት አልረሳውም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ እውነትን እንጠብቅ፤ ሰው ግን አናቃጥል። በእሳትም፣ በምላስም፣ ከማዕድ በመለየትም። ጳውሎስ የጌታ አገልጋይ የሚቃወሙትን በየዋህነት እንዲያቀና ነው ያዘዘው (2ኛ ጢሞ. 2፥24-25)።

ለእህቴ

አሁን መልሴን ልስጥሽ። ኢየሱስ የጸለየው ለአባቱ ነው። በእውነት ጸለየ፤ በእውነትም የሚሰማው ነበር። በዚያ ሌሊት የሆነው የአንድ ሰው ንግግር ከራሱ ጋር አይደለም። ዘላለም ሲወደድ የኖረ ልጅ፣ ስለ አንቺ፣ ስለ ወንድምሽና ስለ እኔ ሲል ጽዋውን ከአባቱ እጅ ተቀበለ።

ለወንድምሽ የድሮውን ምሳሌዬን አትንገሪው። «ፓስተሩ ተሳስቼ ነበር ብለዋል» በይው። ከዚያ የዮሐንስ ወንጌልን ከምዕራፍ 14 እስከ 17 አብራችሁ አንብቡ፤ ማን ማንን እንደሚልክ፣ ማን ለማን እንደሚናገር በእርሳስ አስምሩበት። አትቸኩዪ። አርባ አምስት ዓመት የታገሡ አባቶች አሉን። እናትሽንም በርቱ በያቸው፤ የሚጠሩትን ስም አይተዉት፤ ማጉረሱንም አይተዉ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ከእንግዲህ ስትጸልዩ ቃላችሁን አስተውሉ። ወደ አብ፣ በወልድ በኩል፣ በመንፈስ ቅዱስ እንቀርባለን (ኤፌ. 2፥18)። ከእኔ ጋር እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ፦

የሰማይ አባታችን ሆይ፣ አንድያ ልጅህን ስለ እኛ ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ከአባትህ ዘንድ መጥተህ በመስቀል ስለ እኛ ስለ ሞትህ እናመሰግንሃለን። መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ በልባችን ሆነህ አባ፣ አባት ብለን እንድንጣራ ስላደረግኸን እናመሰግንሃለን። አንድ አምላክ ሆይ፣ የተለያዩ ወንድሞችና እህቶችን በእውነትህ ወደ አንድ ማዕድ መልሳቸው። አሜን።